እጅ ከጆሮ እስኪገናኝ

ማሙሽ ትልቅ ሰው ለመሆን ቸኩሏል። ችኮላውስ ባልከፋ፤ ፈታኙ በዛበት እንጂ።

ዋናው የጆሮ ፈተና ነው። የልደት ካርድ የሌለው ልጅ አንደኛ ክፍል ሊመዘገብ ሲመጣ ቀኝ እጁን በአናቱ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዛል። ከነካ 7 ዓመት ሞልቶታል፤ ካልነካ ለከርሞ። ቀልድ ይምሰል እንጂ መሠረት አለው፤ የልጅ ጭንቅላት ቀድሞ አድጎ በ6 ዓመቱ የአዋቂን መጠን ሊያክል ምንም አይቀረው፣ እጁ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

ማሙሽ ታዲያ መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመዳል። አንገቱን ወደ ቀኝ ሰበር ሲያደርግ ጆሮው ሽቅብ ይመጣለታል። ነገር የገባው መዝጋቢ ግን አገጩን ይዞ ቀና ያደርገዋል፤ ያኔ ሁለት ጣት ያህል ይጎድላል። ጎፈሬ ካለው ደግሞ መንገዱ ይረዝማል፤ ብልህ እናት በዋዜማው ታስላጨዋለች። በግራ እጅ ጆሮን ጎትቶ ማቀበል ግን ዓይን ያወጣ ኩረጃ ነው።

የአባት ጫማም ይሞከራል። 42 ቁጥር ውስጥ የገባ የ28 ቁጥር እግር፣ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ቢጠቀጠቅም ተረከዙ በየእርምጃው ይወጣል። ደረጃ ላይ ባይሞከር ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ልፋት ግን ከንቱ ነው፤ ዕድሜው በእናቱ እጅ ነውና። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ «7 ሞልቶታል፣ ቁመቱ ነው እንጂ» የተባለለት ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ 4 ይሆናል። ረዳቱ «የልጁስ?» ሲል «ኧረ ሕፃን ነው፣ እታቀፈዋለሁ» ይባላል፤ የሕፃኑ ጉልበት የፊተኛውን ተሳፋሪ ጀርባ እየገፋ። «7 ዓመቴ ነው!» ካለ የሚያርፍበት ቁንጥጫ ከታሪፉ ይከብዳል።

ቤትም ያው ነው። ዘይትና ሽንኩርት ለመግዛት «አንተ እኮ ትልቅ ሰው ነህ»። ቡና ሲፈላ ጎረቤት የሚጠራ እሱ፣ ስኒ የሚያቀብል እሱ። አቦሉ ተቀድቶ ወሬው መጣፈጥ ሲጀምር ግን «ሂድ ውጭ ተጫወት፣ የትልቅ ሰው ወሬ አይሰማም»።

በመስኮት በኩል ጆሮውን ሲጥል የሚሰማው ትልልቆቹ ሰዎች ሲያንሱ ነው። አንዷ እትዬ «ደርግ ሲገባ እኮ አልተወለድኩም» ይላሉ። ሌላዋ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ታዲያ በ1967 ለእድገት በኅብረት የዘመተችው ሞክሼሽ ናት?»