ፊደላችንን ያለ ጥፋቱ አትክሰሱት

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ አንድ ድርጅት አዲስ አርማ አወጣ። ስሙ በላቲን ብቻ ነው፤ በቀድሞው ታፔላ ላይ የነበረው አማርኛ ተነሥቷል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የተሰጠው ምክንያት፣ የግዕዝ ፊደል ለዘመናዊ አርማ አይመችም፣ ሲወፍር ይጨማለቃል፣ እነ ማይክሮሶፍትም ሄልቬቲካ የተባለውን የላቲን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የመረጡት ጌጥ የሌለውና ንጹሕ ስለሆነ ነው የሚል ነው። ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከመጨረሻው እንነሣ። ማይክሮሶፍት ሄልቬቲካን ከተወው ቆይቷል። ወፍራምና ዘመም ባለ ሄልቬቲካ የተሠራው አርማ ያገለገለው ከ1987 እስከ 2012 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ ከአራቱ ባለቀለም ካሬዎች ጎን ያለው ስም የተጻፈው ሲጎ በሚባል ፎንት ነው። ለክርክር የሚጠቅሰውን አርማ አንዴ እንኳ አይቶ ያልመጣ ሰው ስለ ዘመናዊነት ሊያስተምረን አይገባም።

የድሮው አርማ ነው የተባለው ብንል እንኳ ነገሩ ለእነሱ አይረዳም። ያ አርማ ከዝርዝር ውስጥ ፎንት ተመርጦ፣ ስም ተተይቦበት ያለቀ ሥራ አልነበረም። በስሙ ውስጥ ከኤስ በፊት ያለችው ኦ ቀኝ ጎኗ ላይ ሆን ተብላ ተቆርጣለች፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል ጎልቶ እንዲታይና ፊደሎቹ ወደ ፊት የሚሄዱ እንዲመስሉ ነው። የዕቃ አመላላሹ ድርጅት የፌዴክስ አርማም እንዲሁ ነው። በ1994 አርማው ሲሠራ ዩኒቨርስና ፉቱራ የተባሉት ፎንቶች ባሕርይ ተዋሕዶ በትልቁ ኢ እና በትንሿ ኤክስ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ቀስት ሆኖ ወጣ። ቀስቱ የተገኘው ፊደሎቹ እንደገና ስለተቀረጹ ነው። ሄልቬቲካ ራሱ በ1957 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሃስ ፊደል ማምረቻ በማክስ ሚዲንገርና በኤድዋርድ ሆፍማን እጅ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለየውፍረቱ ተለይቶ ተስሏል። እንከን የለሽም አይደለም፤ ትልቁ አይ እና ትንሹ ኤል በእሱ ሲጻፉ አይለዩም። ኢሉባቦርን በላቲን (Illubabor) ብትጽፉበት መጀመሪያ የሚታያችሁ ሦስት ዱላ ነው። ለዚህ ግን ማንም ላቲንን አልከሰሰም።

ለግዕዙ የሚደረግለትን ደግሞ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ቀና እያላችሁ እዩ። ላቲኑ በወፍራም ሄልቬቲካ ወይም በአሪያል ይጻፋል። አማርኛው አንድ ውፍረት ብቻ ባለው ፎንት ከሥሩ ይገባል። ከላቲኑ አጠገብ ሲሳሳ ኮሬልድሮው በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም አውትላይን፣ ማለትም ጠርዙን የሚከብ መስመር፣ ይጨመርለታል። ከዚያ ወርዱ ከላይኛው ጋር እኩል እንዲሆን ጎኑ ተይዞ ይለጠጣል፤ ቋሚ እግሮቹ ይወፍራሉ፣ አግዳሚዎቹ እንደ ሳሱ ይቀራሉ።

የአውትላይኑን ጥፋት በአንድ ፊደል ማሳየት ይቻላል። «ቡ»፣ «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ባለች ቅጥያ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ጭረት፣ ታች ጭረት፣ ታች ቀለበት። ፊደሉ 30 ሴንቲ ሜትር ቢቆምና ቀለበቷ የቁመቱን አንድ አምስተኛ ብትይዝ፣ ከጫፍ ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ናት። መስመሯ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለቀዳዳዋ የሚተርፈው 2 ብቻ ነው። አሁን የ2 ሴንቲ ሜትር አውትላይን ስጡት። ኮሬልድሮው ግማሹን ከፊደሉ ጠርዝ ወደ ውጭ ስለሚያወጣው፣ ከየአቅጣጫው 1 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳዋ ውስጥ ይገባል፤ ተደፈነች ማለት ነው። «ምግብ ቤት» «ምግብ ቢት» ይሆናል፣ «መድኃኒት ቤት»ም እንዲሁ። የጦሳ ተራራ ጉም መንገዱ ላይ ሲወርድማ ጭራሽ አይነበብም። ተጨማለቀ የተባለው ይኸው ነው። ያጨማለቀው ሠሪው ነው፤ ፊደሉ ምን አደረገ?

በትክክል የተሠራ ወፍራም ፎንት ላይ ይህ አይደርስም። ፊደል ቀራጩ ቋሚውን ሲያወፍር የቀለበቷን መስመር ያሳሳል፣ ቀለበቷንም ትንሽ ያሰፋታል፤ ቀዳዳው ክፍት ይቆያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የግዕዝ ፎንት በነፃ ይገኛል፤ ከቀጭኑ እስከ እጅግ ወፍራሙ ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ ጠባብ ወርዶችም ተሠርተውለታል፤ መለጠጥም መጭመቅም አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት ራሱ ከዊንዶውስ ጋር በሚሰጠው ኢብሪማ በተባለ ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል በመደበኛም በወፍራምም ገብቷል። ማይክሮሶፍትን ምስክር የጠራ ሰው ይህንንም ምስክርነት ይስማ።

ጥሩ የግዕዝ ፎንት ከላቲኑ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን አንድ አርማ የሚፈልገው አምስት ስድስት ፊደል ነው፤ ያን ያህል በእጅ ቀርጾ ማስተካከል የአንድ ሳምንት ሥራ እንኳ አይሆንም። ደግሞስ ይህ የሚባለው የት ሆኖ ነው? በ1280/81 የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከደሴ ብዙ በማይርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስ በኖረበት ወሎ!

ድርጅቱ አርማውን ሊያርም ከፈለገ ሥራው ቀላል ነው። ለአማርኛውና ለላቲኑ አንድ የፎንት መጠን ቁጥር ሰጥቶ እኩል ናቸው ማለት ይቅር፤ የቋሚ መስመራቸው ውፍረት ይለካ። የግዕዝ ፊደል መስመር ስለሚበዛበት ከላቲኑ በጥቂቱ የሳሳ ውፍረት ይመረጥለት። አውትላይን ፈጽሞ አይጨመር። አርማው በ2 ሴንቲ ሜትር ወርድ ታትሞ የ«ቤ»፣ የ«ሌ» እና የ«ሴ» ቀለበቶች ክፍት መሆናቸው ይታይ፤ ከተደፈኑ አንድ ደረጃ ቀጠን ያለው ይወሰድ። ፋይሉ ታፔላውን ወደሚቆርጠው ባለሙያ ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል፣ ይቀየር፤ አለዚያ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር በሌላ ይተካውና የታፔላው ፕላስቲክ (አክሪሊክ) በማይታወቅ ፊደል ተቆርጦ ይመጣል። ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም አላማረም የሚሉ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አትመው ያሳዩን።