እርማት፦ ቢቢኤም የተሸነፈው በዋጋ አይደለም

የብላክቤሪ ስልኮች የመልእክት መላላኪያ የነበረው ቢቢኤም ተጠቃሚዎቹን ያጣው «ዋትስአፕ ነፃ ስለነበረ ነው» የሚለው አባባል በሰፊው እየተደጋገመ ስለሆነ በትሕትና ላርመው። ዋትስአፕ ራሱ በዓመት 1 ዶላር ገደማ ያስከፍል የነበረ ሲሆን፣ ክፍያውን ማንሳቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ነው። በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ቢቢኤም ለአንድሮይድና ለአይፎን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 መሆኑ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሌላ ስልክ የያዘ ወዳጅ በቢቢኤም አይገኝም ነበር፣ ብላክቤሪ የያዘውንም ለማግኘት ስምንት ፊደልና ቁጥር ያለበትን መለያ መቀባበል ያስፈልግ ነበር፤ ዋትስአፕ ግን በስልክ ቁጥር ብቻ ያገናኝ ነበር። ያንን የተሳሳተ አባባል እውነት ነው ብሎ የተቀበለ የመተግበሪያ ሠሪ ዋጋ በመቀነስ ብቻ ሰው የሚመጣ ይመስለዋል። እነዚህን ቀኖች ማጣራት ለሚፈልግ ኩባንያዎቹ በየጊዜው ያወጧቸውን መግለጫዎች ማየት ይበቃል።