አምባሰልን ምን አስሮጣት?

በአምባሰል ቅኝት የወጣች አንዲት የድሮ ዜማ በምን ፍጥነት ትጫወት ተብሎ ሰው ይሟገታል? እዚህ ፈረንሳይ ይሟገታል። የባህል ጭፈራ ወዳጆች አዳራሽ ተከራይተው ማዙርካ ይጨፍራሉ፤ ከፖላንድ የመጣ ባለ ሦስት ምት ጭፈራ ነው፤ ጫናው እንደ ቫልስ የመጀመሪያው ምት ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ቫዮሊን የሚጫወተው ሰውዬ አምባሰል ሳንጎራጉር ሰማኝና «ይቺን ማዙርካ እናድርጋት» አለ።

ለአፍ ቀላል ነው! አምባሰል በማሲንቆ ስትወጣ ማን ምት ይቆጥርላታል? አዝማሪው ድምፁን ይስባል፣ ግጥም የሚሰጠው ካለ ይጠብቃል፣ ሲለው ይለቃል። ፈረንሳዮቹ ግን ረጃጅሞቹን ድምፆች ሁለተኛው ምት ላይ አሳረፏቸው። ከመነሻዋ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የምትለዋን፣ ያቺን ሆድ የምታባባዋን፣ አልነኳትም። ቀጥሎ የፍጥነቱ ሙግት መጣ። ምት ቆጣሪው ሜትሮኖም በደቂቃ 138 ምት ላይ ሲሆን ዜማዋ ሮጠች፤ 100 ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይሞክሩ የነበሩ ሴትዮ «እግሬ አየር ላይ ቀረ» አሉ። ማዙርካ ላይ ሰውነት ብድግ ብሎ የሚንጠለጠልባት ቅጽበት አለች፤ ሲፈጥን ትጠፋለች፣ ሲዘገይ ጨፋሪው ይንገዳገዳል። 116 ላይ ታረቁ። የፖላንዱ የሙዚቃ ደራሲ ሾፓን እንኳ የመጀመሪያዎቹ ማዙርካዎቹ ላይ የሜትሮኖም ቁጥር ይጽፍ ነበር፣ ኋላ ተወው፤ እነዚህ ግን ለሰው አገር ዜማ ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቁ።

ዘንድሮ ደሴ ለሰርግ ሄድኩ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም ነው የሚጠሩት፤ እንግዲህ ባለቤቶቹ እኛ ነን። ኪቦርዲስቱ አንዲት ቁልፍ ተጫነ፣ ያ የእስክስታ ምት፣ ችክችካ! ትዝታ መጣ፣ ችክችካ። ባቲ መጣ፣ ችክችካ። ችክችካን ጠልቼ አይደለም፣ እስክስታ ያለሱ ምን ሊሆን? ግን ሚጥሚጣ ቡናም ላይ ይነሰነሳል? ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጋት» ብለው፣ «እታለም፣ ሰው ይተኛል» አለኝ። በዚያ ስፒከር ስር ማን ነው የሚተኛው! የኔ ጆሮ እንደሆነ እስከ ማግስቱ ሲጮህ ነበር፤ ለዚያውም በገዛ ብራችን፣ ለዚያውም ቀብዱን የከፈልኩት እኔ።

በወጣትነታቸው ማሲንቆ ይመቱ የነበሩት የሙሽራው አጎት ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠምጥመው ከድንኳኑ ውጭ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ምነው ወጡ? አምባሰል እኮ ነው የሚጫወቱት።»

«ናት እንዴ?» አሉ።