ማስተካከያ፦ ብስክሌት የሚነዳው ቀኝን ይዞ ነው

ቀደም ሲል ለጅማ ብስክሌተኞች ባቀረብነው ምክር ውስጥ «መኪናው ፊት ለፊት እንዲታያችሁ ግራውን ይዛችሁ ንዱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ይህ ስሕተት ነው፤ ልጆቻቸውን በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆችም ሊከተሉት ስለሚችሉ ሳንዘገይ እናርመዋለን፤ አንባቢዎቻችንንም ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስሕተቱ የእግረኛውን ደንብ ለብስክሌተኛው የሰጠ ነው። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራውን ይዞ መሄድ ያለበት እግረኛ ሲሆን፣ ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ በመሆኑ እንደ ሌሎቹ ቀኙን ይይዛል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌተኛና በ40 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሚኒባስ ፊት ለፊት ሲገጥሙ የሚቀራረቡት በ55 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ግን ልዩነቱ 25 ብቻ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው መጋጠሚያው ላይ ያለው አደጋ ነው፦ መርካቶ አካባቢ ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የባጃጅ አሽከርካሪ የሚያየው መኪና የሚመጣበትን የግራ አቅጣጫ ስለሆነ፣ በቀኙ በኩል የሚመጣውን ብስክሌት የሚያስተውለው ከፊት ጎማው አጠገብ ሲደርስ ነው።

«የአስፋልቱን ጫፍ አትልቀቁ» ማለታችንም መታረም አለበት። በክረምት ጫፉን ጭቃ ይሸፍነዋል፤ ከቆመ ባጃጅም ተሳፋሪ ሳይታሰብ ዱብ ይላል። ስለዚህ ከቆመ ተሽከርካሪ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቀጥ ባለ መስመር መንዳት ይሻላል።

ስለ ራስ ቁርና ስለ ሌሊት መብራት የጻፍነው እንዳለ ይጸናል።