ለጀማሪ ፓስካል ወይስ ፓይተን? የባሕር ዳር ክርክር

ጥያቄው አጭር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በክረምት ፕሮግራሚንግ ለሚጀምሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመጀመሪያው ቋንቋ ምን ይሁን? ለፓስካል የሚሟገቱት ብዙ ዓመት ያስተማሩ መምህር ናቸው። በተቃራኒው ለፓይተን የቆመችው የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፤ ዛሬ እንጀራዋ ዌብሳይትና አፕ መሥራት ነው። ተራ በተራ እየተመላለሱ ጽፈዋል።

መምህሩ

ፓስካል ሲባል ሙዚየም የሚታያችሁ አላችሁ። አልፈርድባችሁም። ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት ቋንቋውን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ግን ሲነድፈው ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ማስተማር ነበር። ዛሬ ለጀማሪ ከምንሰጣቸው ቋንቋዎች ብዙዎቹ ለሌላ ሥራ ተፈጥረው በኋላ ወደ ክፍል የገቡ ናቸው።

ፓስካል ላይ ልጁ የሚጠቀምባቸውን ነገሮች አስቀድሞ ያስመዘግባል። ይሄ ቁጥር ነው፣ ይሄ ጽሑፍ ነው ይላል። ያላስመዘገበውን ስም ከጠራ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም፤ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር መስመሩን ጠቅሶ ይመልሰዋል። ዋጋ ሲያስቀምጥ := ይጽፋል፣ እኩል መሆኑን ሲጠይቅ ደግሞ = ብቻ። ሁለቱ አይምታቱበትም።

ፍሪ ፓስካል የተባለው ኮምፓይለር ደግሞ ነፃ ነው። በፍላሽ ይዞራል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ኢንተርኔት ጠፋ ተብሎ ትምህርት አይቆምም። እዚህ ከተማ ለሚያስተምር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ተማሪዋ

መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ፓይተንም በፍላሽ ይጫናል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይቺን ነጥብ ያንሱልኝ።

ኮምፓይለሩ መስመር ጠቅሶ ይመልሳል ብለዋል። ምን ብሎ እንደሚመልስ ግን አልነገሩንም። ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን «ኤልስ» (ካልሆነ) ከሚለው ቃል በፊት ነጠላ ሰረዝ ከነጥብ ጋር፣ ማለትም ; ያስቀምጣል። ፓስካል ላይ ይሄ ክልክል ነው። ፍሪ ፓስካል ያኔ የሚለው ምንድን ነው? «; ይጠበቅ ነበር፣ ኤልስ ተገኘ»። ልጁ እኮ ችግሩ ; ማብዛቱ ነው! ጨምር የተባለ ይመስለዋል፣ ይጨምራል፣ ያው ስህተት ይመጣል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ጣና ዳር ንፋስ ሊቀበል ይወጣል። እኔም ብሆን እወጣለሁ።

ሁለተኛ። አንድ ልጅ ለዓሣ ነጋዴ ዘመዱ የወር ሽያጭ መደመሪያ ይጻፍ እንበል። ድምሩን ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ብሎ ያስመዘግባል፣ እርስዎ እንዳስተማሩት። ሽያጩ 40,000 ብር ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ‑25,536 ነው። ፍሪ ፓስካል ማንም ካልነካው በራሱ ስልት ኢንቲጀርን በ16 ቢት ነው የሚይዘው። ከ32,767 ሲያልፍ ዝም ብሎ ይገለበጣል። ነጋዴው ወር ሙሉ ቆሮሶና አምባዛ ሸጦ ባለዕዳ ሆነ። ጥብቅ ነው ያሉት ቋንቋ ይሄ ነው። ፓይተን ላይ ሙሉ ቁጥር እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም።

ደግሞስ ዓለም አቀፉ የተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር፣ የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ፣ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፓስካልን ትቶታል።

መምህሩ

ኦሊምፒያዱ ፓይተንንም አልተቀበለም፣ እሱን ዘለልሽው። ያኔ የቀሩት ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫ ነበሩ።

የ ; ነገር ልክ ነሽ፤ መልእክቱ አሳሳች ነው። ምክንያቱ ግን ለልጅ ይነገራል። ፓስካል ላይ ; የትእዛዝ መጨረሻ ምልክት ሳይሆን በሁለት ትእዛዞች መካከል የሚገባ መለያ ነው። ከኤልስ በፊት ሲገባ «ኢፍ» (ከሆነ) የሚለው ትእዛዝ እዚያው ተዘጋ ማለት ነው። ኮምፓይለሩም አዲስ ትእዛዝ ሲጠብቅ ባለቤት የሌለው ኤልስ ያገኛል። ይሄ የገባው ልጅ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ ገባው።

የዓሣ ነጋዴሽን በተመለከተ፣ የሬንጅ ቁጥጥሩን፣ ማለትም ቁጥር ከወሰኑ ማለፉን የሚጠብቀውን፣ ክፈችው። ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ ስህተት ቁጥር 201 ይላል። ወይም ስልቱን ዴልፊ ወደሚባለው የፓስካል ዘዬ ቀይሪው፣ ኢንቲጀር 32 ቢት ይሆናል። ልጁ ኮምፒውተር ቁጥርን በተወሰነ ቦታ እንደሚይዝ የሚማረው በዚህ ነው። ፓይተን ይሄን ስለሚሸፍንለት ሲ የሚባለው ቋንቋ ላይ ሲደርስ እንግዳ ይሆንበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ ደመወዝ የምትበዪበትን ታይፕስክሪፕት የተባለ ቋንቋ ማን ነደፈው? አንደርስ ሄይልስበርግ። እሱ ነው እ.ኤ.አ. በ1983 ለወጣው ተርቦ ፓስካል ኮምፓይለሩን የጻፈው። ሲ ሻርፕንም እሱ ነው የመራው። የምትወጂው የዓይነት ቁጥጥር ከየት እንደመጣ እንግዲህ አስቢበት።

ተማሪዋ

ከአባቱ ጋር ልጣላ አልመጣሁም። የልጅ ልጁን ነው የምጠቀመው።

ቁጥጥሩን ክፈችው አሉኝ። ታዲያ ማንም ሳይነካው ለምን ዝግ ሆነ? ለጀማሪ የተሠራ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት።

አሁን ደግሞ ወደ ፊደላችን። ልጁ ከፋይል «ጣና» የሚለውን ስም አንብቦ ርዝመቱን ይጠይቅ። ፓስካል 6 ይላል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ሦስት ባይት ስለሚወስድ ባይቱን ነው የሚቆጥረው። ፋይሉ በዚያው ዘዴ ከተከፈተ ፓይተን 2 ይላል። በፍሪ ፓስካል መሥሪያው በላዛረስ ላይ ሌላ ፈንክሽን አለ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ አለም። ግን በመጀመሪያው ሳምንት የገዛ ስሙ ፊደል በሦስት ተባዝቶ ሲመጣበት ይታይዎት።

በዚያ ላይ ፓይተን «ድምር = 0» ብሎ በአማርኛ ስም መስጠት ይፈቅዳል። እንግሊዝኛው ገና ለሚያስቸግረው የ9ኛ ክፍል ልጅ ይሄ ብዙ ነው። ፍሪ ፓስካል ጭራሽ አይቀበልም።

መምህሩ

እዚች ላይ ስጠብቅሽ ነበር።

ልጁ ፓይተን ላይ «ዓሣ = 0» ብሎ ይጀምር። ከዚያ ሉፑ (ድግግሞሹ) ውስጥ «አሳ = ዓሣ + ኪሎ» ብሎ ይጻፍ። የኛ ሰው መቼ ነው ዓ እና አ፣ ሣ እና ሳ ለይቶ የጻፈው? እኔ ራሴ ሰሌዳ ላይ ስንቴ አምታትቻለሁ። ፓይተን ምን ይላል? ምንም። አዲስ ሣጥን ፈጥሮ ያልፋል። መጨረሻ ላይ ዓሣ ሲታተም 0። ስህተት የሚባል መልእክት የለም፣ መስመር የለም። ነጋዴሽ በኔ ቋንቋ ባለዕዳ ሆነ ብለሻል፤ ባንቺ ቋንቋ ደግሞ ከነአካቴው ምንም አልሸጠም።

ፓስካል የአማርኛ ስም ቢቀበል ኖሮ ሁለተኛውን «አሳ» አላውቀውም ብሎ ይመልሰው ነበር። የማስመዝገብ ጥቅሙ ይሄ ነው። ለኛ ፊደል ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልጋል።

ተማሪዋ

«ቢቀበል ኖሮ»! አይቀበልም እኮ፣ መምህር።

የሆነው ሆኖ ምሳሌዋ ጥሩ ናት፣ እኔም ክፍል ውስጥ አስተምርባታለሁ። ልጁ 0 አይቶ ደንግጦ ፊደሉን ቢፈልግ ጥሩ ትምህርት ነው።

የፓስካልን ሌላ ጣጣ ግን አልነኩትም። ልጁ ሲቸግረው የሚያገኛቸው መልሶች ግማሾቹ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ዘመን ናቸው። አንዱን ኮድ ገልብጦ በተርቦ ፓስካል ቢያስነሳ ስህተት ቁጥር 200 ይመጣበታል። ኮዱ ጤነኛ ነው፤ የድሮው የስክሪን ላይብረሪ ፈጣን ፕሮሰሰር ላይ ገና ሲነሳ በዜሮ ማካፈል ውስጥ ይገባል። ይሄን ለ15 ዓመት ልጅ ማን ያስረዳዋል? እርስዎ ካሉ እርስዎ። ከሌሉስ?

መምህሩ

ተርቦ ፓስካልን ማን ስጡ አለ? ፍሪ ፓስካል ነው ያልኩት። ስምንቱን የክረምት ሳምንት ስጡኝና ውጤቱን እዩ።

ተማሪዋ

ሁለት ሳምንት። ማስመዝገብን፣ ኤረይን (የተደረደሩ ዋጋዎችን) እና የሬንጅ ቁጥጥርን ያስተምሩልኝ፤ ቁጥጥሩን ግን ከመጀመሪያው ቀን ከፍተው። ፊደል ያለበትን ሁሉ ለእኔ ይተዉት።