የማያምፁት ልጆች

ካዙኦ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» ውስጥ፣ የአካል ክፍላቸው ለሌሎች እንዲሰጥ ተብሎ በቅጂነት የተፈጠሩት ወጣቶች ለማምለጥ አለመሞከራቸውን አንዳንድ አንባቢዎች እንደ ልቦለዱ ድክመት መቁጠራቸውን አልቀበለውም። ኬቲ፣ ሩትና ቶሚ ያደጉበት ሄልሻም የተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ዕጣቸውን ጨርሶ አልደበቀባቸውም፤ ሊረዱት ከሚችሉበት ዕድሜ ቀደም እያለ በጥቂት በጥቂቱ ስለነገራቸው፣ እውነቱ ሲገለጥ የሚያምፁበት ቁጣ አልተረፋቸውም።

እኔን ከሞታቸው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ተስፋቸው ነው። ከልብ የሚዋደዱ ጥንዶች ልገሳው ይዘገይላቸዋል የሚለውን ወሬ አምነው፣ ቶሚ የሣላቸውን ምናባዊ እንስሳት እንደ ማስረጃ ይዞ ከኬቲ ጋር፣ በልጅነታቸው ሥዕሎቻቸውን ትሰበስብ ወደነበረችው ሴት ቤት ይሄዳል፤ የሚለምኑት ነጻነትን እንኳ ሳይሆን ሦስት ወይም አራት ዓመት ብቻ ነው። አድራሻውን የሰጠቻቸው ደግሞ ለዓመታት ለያይታቸው መኖሯን የተናዘዘችው ሩት ናት (በእኔ እይታ ከፍቅሩም በላይ የሚከብደው ይህ የጓደኝነት ዕዳ ነው)። ወሬው ሐሰት መሆኑን ሰምተው ሲመለሱ ቶሚ ከመኪናው ወርዶ በጨለማ ሜዳ ላይ ይጮኻል፤ አላመፁም የሚል አንባቢ ያንን ገጽ ደግሞ ቢያነበው እወዳለሁ።