የማንወደውን ሰው ልጅነት መመርመር ይቅርብን

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በልጅነት የደረሰ ጉዳት ሰውን ወደ ጽንፈኛ አቋም ሊገፋው ይችላል ይላል። በከፊል እስማማለሁ። ዱላ በበዛበት ቤት ያደገ ልጅ አባቱ በሩን ሲከፍት ድምፁን ሰምቶ ምሽቱ እንዴት እንደሚያልፍ መገመት ይለምዳል። ቁልፉ በኃይል ከዞረ ወደ ጓዳ፣ ቀስ ካለ ወደ ደብተሩ። ይህ ንቃት ያኔ ያድነዋል። ችግሩ ካደገም በኋላ አብሮት መኖሩ ነው፤ ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር ሁሉ ዛቻ ሆኖ ይሰማዋል። "ሊያጠፉን ነው" እያለ የሚቀሰቅስ ፖለቲከኛ ደግሞ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ጆሮ ነው።

ግን ጸሐፊው ትንሽ ቸኩለዋል። የልጅነት ጉዳት ጥናት መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የአሜሪካውያኑ ሐኪሞች የፌሊቲና የአንዳ ጥናት የልጅነት መከራን ያያያዘው ከልብ ሕመም፣ ከሱስ፣ ከድብርትና ከመሳሰሉት ጋር ነው። የጤና ጥናት እንጂ የፖለቲካ ጥናት አልነበረም። ደግሞስ አብረው ከተገረፉ ወንድማማቾች አንዱ ጽንፈኛ፣ ሌላው አስታራቂ ሆኖ ሲወጣ አላየንም? ሥራ አጥነቱ፣ ጦርነቱ፣ ቁጣን የሚያራግበው የማኅበራዊ ሚዲያ አልጎሪዝም በአንድ መስመር የሚታለፉ አልነበሩም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሐሳቡ ለስድብ መመቸቱ ነው። "ተወው፣ እሱ እኮ በልጅነቱ የተጎዳ ነው" ብለን የሰውየውን ክርክር ሳንሰማ እንዘጋዋለን። የኛ ወገን አቋም ግን ሁሌም ከማሰብ የመነጨ ነው፣ አይደል?

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ተጎድተው አድገው ወደ ጽንፍ ስላልሄዱት ሰዎች፣ ከዚያ ምን እንዳዳናቸውም ቢያስነብቡን ደስ ይለኛል።